“ምች ነው” ብላችሁ አትለፉት፦ የፀሐይ ቃጠሎ ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?



እስቲ አንድ ቤተሰብ በዐይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ወሩ መጋቢት፣ ዕለቱ እሑድ ነው። አባትና እናት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጣና ዳር ወረዱ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ማንም ሙቀት ተሰማኝ ያለ የለም። የስምንት ዓመቱ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ዐስር ድረስ ውሃ ሲራጭ ዋለ። ወደ ቤት ሲመለሱ ደስ ብሎት ነበር። መግሪብ ላይ “ጀርባዬን ያቃጥለኛል” አለ። ዒሻ ላይ ገላው ጋለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደጋግሞ አስመለሰው፤ እናቱ ስትጠራውም መልሱ የተምታታ ሆነ። እናት “ምች መቶታል” ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ እንዲያልበው በጋቢ ጠቅልላ አስተኛችው። አባትም “ሲነጋ እናየዋለን” አለ።

ይህ ቤተሰብ ለትምህርት ያቀረብነው ምሳሌ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን እንዲህ ያላደረገ ወላጅ ስንት ይገኛል? ጥያቄው አንድ ነው፦ እነዚህ ወላጆች እስኪነጋ መጠበቅ ነበረባቸውን? የዛሬው ዓምዳችን ይህን ጥያቄ እንድትመልሱ ይረዳችኋል፣ ኢንሻአላህ።

የፀሐይ ቃጠሎ ምንድን ነው?

ቆዳችንን የሚያቃጥለው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን በዐይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወይም ሰማዩ ስስ ደመና ስለለበሰ ጨረሩ የቀነሰ ይመስለናል። ነፋስ ግን ጨረርን አያስቆምም፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፋል።

ባሕር ዳር ደግሞ ጨረሩ የሚበረታበት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትሆናለች። በነሐሴ ክረምቱ ይጋርደናል፤ በሚያዝያ ግን የሚጋርድ ደመና እምብዛም የለም። ሦስተኛ፣ ሐይቁ ላይ ዛፍም ጣሪያም የለም። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ መረብ የሚጥል ወይም ደንገል የሚያጭድ ሰው ቀኑን ሙሉ ያለ ጥላ ይውላል። ውሃ ውስጥ መግባትም አያድንም፤ ግማሽ ሜትር ጠልቆ እንኳ ከጨረሩ 40 በመቶው ይደርሳል።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ ነገር የፀሐይ ቃጠሎ የሚዘገይ መሆኑ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ፀሐይ ላይ ከዋሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲሆን የሚብሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀን ደህና የዋለ ልጅ ሌሊት ሊታመም ይችላል። “ቀን ምንም አልሆነም ነበር” የሚለው አነጋገር አያዘናጋችሁ።

“ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም” የሚለው አባባል

ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ሜላኒን የሚባለው ቀለም በብዛት ስላለው ከነጭ ቆዳ የተሻለ ጥበቃ አለው። ይሁን እንጂ ጥበቃው ሙሉ አይደለም። የእኛ ቆዳ ሲቃጠል ችግሩ መቅላቱ በግልጽ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ቀይ ቀለም አትጠብቁ። ይልቁንስ በመዳፋችሁ ዳስሱት። ከሌላው አካል ይልቅ ይሞቃል? ሲነካ ያማል? ተወጥሮ ያብረቀርቃል? ከወትሮው ይልቅ ጠቁሯል ወይም ወደ ሐምራዊ አድልቷል? እነዚህ የቃጠሎ ምልክቶች ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ መላጥና ማሳከክ ይከተላል።

ስለ ምች ጥቂት እንበል

እናቶቻችንና አያቶቻችን ፀሐይ ከመታው ሰው ጋር የሚመጣን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል “ምች” ይሉታል። ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ለምሳሌ በከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ኸርፐስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ብርቱ ፀሐይ የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

አደጋው ያለው ስሙ ላይ ሳይሆን “ምች” ከተባለ በኋላ በሚደረገው ነገር ላይ ነው። ሰውነቱ በሙቀት የጋለን ሰው በጋቢ መጠቅለልና በእንፋሎት ማጠን ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ማቀዝቀዝ ያለብንን ሰው ይበልጥ እናግለዋለን ማለት ነው። ሁለተኛው አደጋ ደግሞ ወባ ነው። በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎችም ጭምር፣ ወባ የታወቀ በሽታ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ፀሐዩ ነው ብለን ስንዘናጋ ወባው ሊያይል ይችላል። በአካባቢያችን ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሦስቱን ደረጃዎች ለዩ

የፀሐይ ቃጠሎ ሲያጋጥማችሁ “ቤት ውስጥ ይታከማል? ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ? ወይስ አሁኑኑ ሆስፒታል?” ብላችሁ ጠይቁ።

አንደኛ ደረጃ፦ ቤት ውስጥ የሚታከም

ቆዳው ሞቆ ያማል፣ ነገር ግን ውሃ አልቋጠረም፤ ታማሚው ይጠጣል፣ ሽንቱን ይሸናል፣ በደንብ ይናገራል። እንዲህ ያለው ቃጠሎ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናል። የሚደረገውም ይህ ነው፦

– ወዲያውኑ ከፀሐይ አውጡት። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አድርጉበት፤ በቀን ብዙ ጊዜ ደጋግሙት። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ።
– ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ።
– ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ መጠኑን በተለይ ለሕፃን ፋርማሲስት ይንገራችሁ። ለልጆች አስፕሪን አትስጡ።
– ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበስ።

ማድረግ የሌለባችሁንም እንዘርዝር። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና አተላ ወይም ጭቃ አትቀቡ። ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ለቁስል ማመርቀዝም በር ይከፍታሉ። እሬት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከቅጠሉ ላይ የሚወርደውን ቢጫ መራራ ፈሳሽ ይጠንቀቅ፤ ቆዳን ይቆጣዋል። በተላጠ ቆዳ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ሎሚ መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱን የቻለ ቃጠሎና ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ሎሚ የጨመቀች እናትም እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ባትቀመጥ ይመረጣል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ

– ውሃ የቋጠረው ቦታ ከታማሚው መዳፍ፣ ከነጣቶቹ፣ የሚበልጥ ከሆነ። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከመላ ሰውነቱ ቆዳ 1 በመቶ ያህል ስለሆነ ለመለኪያ ይጠቅማል።
– ውሃ የቋጠረው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ።
– ሕመሙ በፓራሲታሞል የማይታገሥ ከሆነ።
– ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የሚሰፋ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ። ይህ ቁስሉ ማመርቀዙን ያሳያል።
– ዐይን አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረ፣ ካነባና ብርሃን ማየት ካቃተው። ዐይን ራሱ በጨረር ይቃጠላል። አትሹት፤ ባልታዘዘ ጠብታም አትሞክሩ።
– የተቃጠለው ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከሆነ፣ ቃጠሎው ትንሽ ቢመስልም።

የቋጠረውን ውሃ አታፍርጡት፤ ያ ስስ ቆዳ የተፈጥሮ ፋሻ ነው። ራሱ ከፈነዳ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ቁስል ያለበት ሰው ሐይቅ ውስጥ አይግባ። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዝያን ጨምሮ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቁስሉ የውዱእ አካል ላይ ከሆነና ውሃ የሚጎዳው መሆኑን ሐኪም ከነገራችሁ፣ እንዴት ማድረግ እንዳለባችሁ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ሸሪዓችን ለታማሚ ያገራለት ነገር አለና ቁስሉን በግድ እያጠባችሁ አታባብሱት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፦

– ግራ መጋባት፣ ያልተያያዘ ንግግር፣ ሰውን አለመለየት፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር።
– ራስን መሳት ወይም መንቀጥቀጥ።
– ከ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩሳት ከማያቋርጥ ትውከት ጋር።
– ሰፊ ቦታ፣ ለምሳሌ የልጁ ጀርባ በሙሉ፣ ውሃ ከቋጠረ።
– የድርቀት ምልክት፦ አፍ መድረቅ፣ ዐይን መጎድጎድ፣ ሲነሱ መዞር፣ ሽንት ለረጅም ሰዓት አለመምጣት ወይም በጣም መጥቆር፣ ሕፃን ሲያለቅስ እንባ አለመኖር።
– ፈጣን ትንፋሽና ፈጣን የልብ ምት፣ ወይም ቆዳው ቀዝቅዞ መገርጣትና ላብ ላብ ማለት።

በባሕር ዳር ከተማ ለዚህ የሚበቁት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። በገጠር ያላችሁ ደግሞ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ እዚያ ፈሳሽ በደም ሥር ሊሰጡትና ሪፈር ሊጽፉለት ይችላሉ።

የሙቀት ምት፦ ደቂቃዎች የሚቆጠሩበት

ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት የሙቀት ምት ከሁሉ የከፋው ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርስና አእምሮ መሳት ይጀምራል። የሚያልበው ሰውም፣ ቆዳው የደረቀ ሰውም በሙቀት ምት ሊያዝ ይችላልና “አልቦታል፣ ደህና ነው” አትበሉ። ካልቀዘቀዘ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ይገድላልም።

የዚህ ሕክምና የሚጀምረው ሆስፒታል ሳይሆን ታማሚው የወደቀበት ቦታ ላይ ነው። ወደ ጥላ አስገቡት። አምቡላንስ እንዲጠራ አንድ ሰው ላኩ። ወፍራም ልብሱን አውልቁ፤ ከራስ እስከ እግር ውሃ አፍሱበት፣ በካርቶንም ሆነ በነጠላ አራግቡት። ንጹሕ ውሃ ከሌለ የሐይቁ ውሃ ይሁን፤ ለሕይወት ሲባል በእንዲህ ያለ ሰዓት ውሃ አይመረጥም። ሴት ከሆነች ሴቶች ከበው ይጋርዷት፤ ልብሷ ላይ እንዳለ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። ኀፍረት ሕይወት እንዲቀጥፍ አትፍቀዱ። አምቡላንስ ከዘገየ በታክሲም በባጃጅም ውሰዱት፤ በመንገድ ላይም ማርጠቡን አታቋርጡ።

ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት። ፓራሲታሞልም ለሙቀት ምት አይሠራም። የሚያድነው ማቀዝቀዝ ነው።

ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው

ሕፃናትና አረጋውያን ቶሎ ይጎዳሉ። መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። ለወባ መከላከያና ለሌላም ሕመም የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲሁም ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳ ፀሐይን እንዳይችል ያደርጋሉ። ይህ ማለት መድኃኒቱን አቁሙ ማለት አይደለም፤ ፀሐዩን ሽሹ ማለት ነው። ፊት ለማቅላት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ቅባቶችም የቆዳን ጥበቃ ያሳጣሉ።

አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ሜላኒን ስለሚጎድላቸው በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላሉ፤ ለቆዳ ካንሰርም የተጋለጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 6 ቀን እንዲታሰቡ ወስኗል። በመድረሳችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይኑረው። የማይድን ቁስል ሲታይበትም ሐኪም ይየው።

በጾምና በሐጅ ጊዜ

በ2017 ዓ.ም. የረመዳን ወር በየካቲትና በመጋቢት፣ በደረቁ በጋ ላይ ውሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት ጾመኛ ሆኖ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ከሱሑር ጀምሮ በቂ ውሃ ይጠጣ፤ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ያምጣው። ከላይ በሦስተኛው ደረጃ የተዘረዘሩት ምልክቶች የታዩበት ሰው ግን ይፈጥር። ለታማሚ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት እንደሚፈቀድለት በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አያት ተደንግጓል። “መግሪብ ሊደርስ ነው፣ ታገሥ” ማለት ደግነት አይደለም።

የሐጁም ትምህርት አይረሳም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመካ ታላቁ መስጂድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። አብዛኞቹ ሕጋዊ ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱና ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ እንደነበሩም ገለጸ። ለሐጅ የምትዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች በሕጋዊው መንገድ ሂዱ፤ ጃንጥላና የውሃ መያዣ አይለያችሁ።

ምግብና መጠጥ

ቃጠሎ የሰውነትን ፈሳሽ ያሟጥጣል። ብዙ ላስመለሰው ወይም ለላበው ሰው ከጤና ጣቢያም ከፋርማሲም የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ውሃ በጥብጡለት። ከሌለ በ1 ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ቁስሉ እንዲጠግግ እንቁላል፣ የጣና ዓሣ፣ ምስር ወይም ሽሮ፣ ከፍራፍሬም ፓፓያና ማንጎ ይጠቅማሉ። ለስላሳ መጠጥና ቡና የውሃን ቦታ አይተኩም።

ጥላችሁን ተመልከቱ

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። ሰዓት ባትይዙም ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ከረዘመ ቀንሷል። ሙስሊም ይህን መለኪያ ያውቀዋል፤ የዐስር ወቅት የሚገባው በጥላ ርዝመት አይደል? እንግዲያው ልጆችን ጣና ዳር ለመውሰድ ከዐስር በኋላ ያለው ጊዜ መልካም ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ግን የጥላ ጊዜ ይሁን።

ሒጃብና ረጅም ልብስ ጥሩ መከላከያ ናቸው። ኮፍያ ግን ጠርዝ ከሌለው ጆሮን፣ ፊትንና ማጅራትን አይሸፍንም። የኢድ ሶላት በሜዳ ሲሰገድና ኹጥባው ሲረዝም ለአረጋውያንና ለሕፃናት ጥላና ውሃ ቀድማችሁ አዘጋጁ። አቅም ያለው 30 እና ከዚያ በላይ ቁጥር ያለውን ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱ ይቀባ።

ወደ ተነሣንበት ቤት እንመለስ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከትና የተምታታ ንግግር ነበረው። አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱ ላይ ግን ተደራርበዋል። መልሱ እንግዲህ ግልጽ ነው። ጋቢው ይገፈፍ፣ ልጁ በውሃ ይረጥብ፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ይድረስ፤ እዚያም ደሙ ለወባ ይታይ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ላላነበበው ጎረቤቱ፣ በተለይም ለአያቶችና ለታንኳ ቀዛፊዎች፣ ይንገር።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።